ነቀዝ የበላው ምስክር

በዚያ ዓመት ዝናቡ በሰዓቱ መጣ። መሬቱ ሁለት ጊዜ ታርሶ በሦስተኛው ተዘራ። ሰው ስምንት ቀን ጠበቀ፤ አሥራ ሁለት ቀን ጠበቀ። አረሙ በቀለ፤ ስንዴው አልበቀለም። ከመቶ ፍሬ አሥሩ ብቅ ብሎ ቢጫ ሆኖ ቀረ። በወሩ ሰው አፈሩን በጣቱ እየጫረ ዘሩን ፈለገ። ፍሬው በተዘራበት አለ፤ ቀይ ቀለሙን ለቆ፣ ውስጡ ሻግቶ። በሁለተኛው ወር በግ ተሸጠ። በሦስተኛው በሬ ተሸጠ። በአምስተኛው የጣራ ቆርቆሮ እየተነቀለ ተሸጠ። ዝናቡ ግን እስከ ወቅቱ መጨረሻ ሳያጓድል ዘነበ። ሰውን ያበገነው እሱ ነው። ሰማይ ቢከዳ ወደ ሰማይ ይማረራል። ሰማይ የድርሻውን ሰጥቶ ማሳው ባዶ ሲቀር ማንን ይይዛል?

ዘሩ የመጣው ከምርጥ ዘር ድርጅት ነው። ምርጥ ዘር መድኃኒት ይቀባል። መድኃኒቱ መርዝ ስለሆነ ማንም ሰው ተሳስቶ እንዳይበላው ቀይ ቀለም ይደባለቅበታል። ነቀዝ አይነካውም፤ ከነካውም እዚያው ይሞታል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

በድርጅቱ መጋዘን ሃያ ሦስት ዓመት የሠራ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሰው «ባለጠርሙሱ» ይለዋል። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ አንድ እፍኝ እየወሰደ በሁለት ቡናማ የመድኃኒት ጠርሙስ ይከታል። አፋቸውን በክብ ወረቀት ሸፍኖ ዳር ዳሩን በሰም ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ የዘሩ ዓይነት፣ የተቀባው መድኃኒትና ቀኑ ይጻፋል፤ ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበታል። አንዱ ጠርሙስ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ አንዱ መጋዘን ይቀመጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ይጣል ይላል ደንቡ። ባለጠርሙሱ ግን አይጥልም። ሲያስተምረው የነበረው የቀድሞ መጋዘነኛ «ፊርማ ያለበት ነገር አይጣልም» ብሎት ነበር፤ ቃሉን ይዞ ቀረ። ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ጠርሙሶች በሳጥን እያደረገ ቤቱ ይወስዳል። ጡረታ የወጣ ቀን ደግሞ የመጨረሻዎቹን ስድስት አዲሱ መጋዘነኛ «ይሄን ኮተት ውሰድልኝ» አለው፤ እነሱንም ወሰደ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «አልጋ ስር የተኛው አንተ ነህ ወይስ ጠርሙስህ?» ትለው ነበር።

እነዚያ የመጨረሻዎቹ ስድስት የዚያ የክፉ ዓመት ዘር ነበሩ።

በእሱ ላይ ዕዳ የጫነበትም ያ ዘር ነው። ታላቅ እህቱ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ታርሳለች። ጎተራዋ ውስጥ የአባታቸው ስንዴ ነበራት፤ አገዳው ረጅም፣ ዛላው ጠቆር ያለ፣ ሁለት ኩንታል ለዘር የተመረጠ። ከዘር በፊት ሄዶ «እትዬ፣ ይሄን አስፈጪና ብዪው። እኔ የማወጣልሽ ዘር እጥፍ ይሰጥሻል» አላት። እሷ በማንም አታምንም፤ በእሱ ግን አመነች። አስፈጨችው። እሱም ስንዴው ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት እጁ ስለለመደ ብቻ አንድ እፍኝ ዘግኖ ኪሱ ከተተ። በኋላ ጠርሙስ ውስጥ አደረገው።

ሌላም ነገር ነበር። መድኃኒት የተቀባ ዘር ሲገባ መጋዘኑ ዓይን ያስለቅሳል፤ ጉሮሮ ይከረክራል። በዚያ ዓመት ማንም አላለቀሰም። ዘሩ የሚሸተው የተማሪ ቀለም ነበር። ባለጠርሙሱ ስድስቱን ጠርሙስ ሊያስፈርም ሲገባ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ የዘንድሮው መድኃኒት አይሸትም።»

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ጆሮው ላይ ነበር። ጽዱ ሰው ነው። ሸሚዙ አይጨማደድም፤ ድምፁ ከፍ አይልም። ሳያነብ እየፈረመ፣ «አዲስ ነው፤ የማይሸት ነው። ሥልጣኔ እኮ ነው አባቴ!» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ባለጠርሙሱ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር። አፍንጫው ነግሮታል፤ አፉ ዝም አለ። በማግስቱ የእህቱን ዘር ራሱ መዝኖ ጫነላት።

እህሉ አልበቀለም ተብሎ ጩኸት ሲበዛ ከድርጅቱ ደብዳቤ ወጣ። በየቀበሌው ግድግዳ ተለጠፈ። «ዘሩ የጥራት ደረጃውን ያሟላ ሲሆን፣ የደረሰው ጉዳት ከዚህ በታች ስማቸው በተዘረዘረው አርሶ አደሮች የአዘራር ጉድለት ምክንያት የመጣ ነው።» የእህቱ ስም በሦስተኛው ተራ ነበር። ከስሩ የዚያ የማይጨማደድ ሰው ፊርማና ማኅተም።

ባለጠርሙሱ የጡረታውን ገንዘብ በፖስታ ይዞ ሄደ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችው፤ ግባ አላለችውም።

«አርባ ዓመት ዘርቼ አርባ ዓመት በላሁ» አለች። «አሁን መዝራት አታውቂም ተባልኩ። ያውም በማኅተም!»

«እትዬ፣ ይሄን ያዢ።»

«ገንዘብህን ለራስህ። ያስፈጨኸኝን ዘር ነው የምፈልገው። እሱንም ዛሬ ብታመጣው አልቀበልህም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያ ወረቀት ይቀደድ። እጄ ነው ወይስ ዘሩ? ይህን በማኅተም አስነግርልኝ። እስከዚያ ደጄን አትርገጥ።»

ባለጠርሙሱ ተመለሰ። በማግስቱ የአባቱን ስንዴ ጠርሙስ ከፍቶ እፍኟን ጓሮው ውስጥ በመስመር ዘራት። ከዚያ ክስ ሊያቀርብ ሄደ።

ክሱ ሰባት ዓመት ፈጀ። ሰባት ዓመት ቶሎ ይነገራል። ሰባት ዓመት ማለት አራት ዐቃቤ ሕግ ነው። አንዱ ሲዛወር ሌላው ይመጣና እስክሪብቶውን ከፍቶ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አባቴ» ይላል። ሰባት ዓመት ማለት ሃያ ስድስት ቀጠሮ ነው። አንድ ጊዜ ዳኛው ሥልጠና ሄዱ። አንድ ጊዜ የጠበቃው ደም ግፊት ተነሣ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ሰው ዓይን ውስጥ እየገባች። አንድ ጊዜ ተከሳሹ ውጭ አገር ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ስብሰባው ስለ ዘር ጥራት ነበር። መዝገቡ ደግሞ ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ክፍል ጠረጴዛ ለማስተካከል ከእግሩ ስር እንደተገኘ ሰው አወራ። እውነት ይሁን ውሸት ባለጠርሙሱ አያውቅም። ጠረጴዛው ግን አይወዛወዝም ነበር።

ጠርሙሶቹን ለማስመዝገብ የሄደ ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቀና ብላ አየችው።

«ስንት ገጽ ነው አባባ?»

«ጠርሙስ ነው ልጄ።»

«እሱንማ እያየሁት ነው። ስንት ገጽ ነው? የገጽ ብዛት ካልሞላሁ መመዝገብ አልችልም።»

«ገጽ የለውም።»

«ገጽ ከሌለውማ ማስረጃ አይደለም።»

ባለጠርሙሱ እስከ ሦስት ቆጠረ። ሲናደድ እንዲህ ያደርጋል። «አፉ ላይ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ ስር ፊርማ አለ። እሱን ገጽ በይው።»

«ወረቀቱ ክብ ነው እኮ!»

«ክብ ገጽ በይዋ።»

ሳቋ አመለጣት። «ስድስት ገጽ፣ ክብ፣ ከነጠርሙሱ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ማስቀመጫ ስለሌለን በተጠሩ ጊዜ ይዘው ይምጡ አለችው። የቢሮው ስድስት ጠርሙስ ግን ድርጅቱ ቢሮ ሲቀይር ጠፍቷል ተባለ። ስለዚህ በዓለም ላይ የቀሩት አልጋው ስር ያሉት ብቻ ነበሩ። እስኪጠራ ድረስ እንዳይነካቸው ሳጥኑን ቸንክሮ ዘጋ።

በዚህ መሃል የድርጅቱ ዘበኛ ታሰረ። በዚያው በክፉው ዓመት ከመጋዘን አሥራ ሁለት ኪሎ ዘር ሰርቆ ነበር፤ ጎረቤት ጠቆመበት። የእሱ ክስ ሰባት ዓመት አልፈጀም። ሰኞ ተያዘ፤ በሳምንቱ ሰኞ ስምንት ወር ተፈረደበት። ጠበቃ አልነበረውም፤ ደም ግፊትም አልነበረውም።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በየሠርጉ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለቀብር መኪና ያውሳል። ባለጠርሙሱን ሰው መንገድ ላይ ያቆመውና «ይሄን የመሰለ ሰው እንዴት ሌባ ትለዋለህ? አንተ ምን ጎደለብህ?» ይለዋል። የሰረቀ ሰው የተጨማደደ ሸሚዝ መልበስ አለበት የሚል ሕግ ያለ ይመስል። አንድ ቀን ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው።

«አባቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? አሁንም ከጠርሙስዎ ጋር ነዎት?»

«አሁንም።»

«በዚህ ዕድሜዎ ቢያርፉ ምን ነበር? ለልጆችዎ የሚሆን ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።»

ሥራ አስኪያጁ የምር ነበር የተናገረው። የበለጠ የሚያናድደውም ይህ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባል የለ።

በሰባተኛው ዓመት አዲስ ዳኛ መጡ፤ ሴት ናቸው። ቀጠሮ ማራዘም አይወዱም። አራተኛው ዐቃቤ ሕግ ደወለና «አባቴ፣ ረቡዕ ጠርሙሶቹን ይዘው ይምጡ። ያለ እነሱ ባዶ እጃችንን ነን» አለ።

ባለጠርሙሱ ማክሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ፈታ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አቧራውን ጠርጎ አነቃነቀው። ፍሬ አልተንኳኳም። እንደ ዱቄት ተንሸራተተ። ወደ መስኮቱ ወስዶ በፀሐይ አየው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ገለባና ብናኝ ነው፤ ከታች የደረቁ ጥቋቁር ነቀዞች ተከምረዋል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ስድስቱም።

አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሰባት ዓመት ሰው ያልነካውን ነቀዝ ጨረሰው። ለእህቱ ምን ሊላት ነው? እጅሽ ነው ወይስ ዘሩ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ነቀዝ በላው ሊላት? ሳጥኑን በእግሩ ገፋው። ከሥሩ ያሉት የቀድሞ ዓመታት ጠርሙሶች ኮሽ ኮሽ አሉ።

ኮሽ አሉ። ፍሬ ነው እንዲያ የሚጮኸው።

አንዱን አነሣ። ከክፉው ዓመት በፊት የነበረው ዓመት ዘር ነው። በፀሐይ አየው። ሙሉ ነው፤ አንድ ነቀዝ የለም። የሌላውን ዓመት አየ፤ ሙሉ ነው። የዘጠኝ ዓመቱን አየ፤ ሙሉ ነው። ሁሉም አንድ አልጋ ስር፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የኖሩት። ከዚያ የስድስቱን ክብ ወረቀት አነበበ። በራሱ እጅ የተጻፈ ነው። «መድኃኒት የተቀባ።» ከስሩ ያ ፊርማ።

ባለጠርሙሱ ቀስ ብሎ ተነሣና ልብሱን ለበሰ። ዘበኛው ትዝ ብሎት ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ጋ ሄዶ ያሰበውን ነገረው፤ ዐቃቤ ሕጉ የዘበኛው መዝገብ እንዲወጣ ወረቀት ጻፈ። የሥራ አስኪያጁ መዝገብ ሦስት ጊዜ በጠፋበት በዚያ መዝገብ ቤት የዘበኛው በአሥር ደቂቃ ተገኘ።

ረቡዕ ጠዋት ችሎቱ ሞላ። ጠርሙሶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ሥራ አስኪያጁ ፊርማው የእሱ መሆኑን፣ ሰሙም አለመነካቱን ተጠይቆ አመነ። ጠበቃው አንዱን ጠርሙስ አንሥቶ በብርሃን ሲያየው ፊቱ በራ።

«ክቡር ፍርድ ቤት! ይሄ ዘር አይደለም፤ ብናኝ ነው። ነቀዝ ጨርሶታል። አንድ ሳይሆን መቶ ነቀዝ ተራብቶበታል። የሚመረመር ነገር የለም። ይሄን ነው ሰባት ዓመት ስንጠብቅ የኖርነው?»

ሰው ሳቀ። ባለጠርሙሱ እጁን አነሣ።

«የእኔ እመቤት፣ አሁን ጠበቃው ያሉት እንዳለ ይጻፍልኝ።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የትኛው?»

«ነቀዝ ተራብቶበታል ያሉት።»

«ተጽፏል። ታዲያስ?»

«እንግዲህ ወረቀቱ መድኃኒት የተቀባ ይላል፤ ተከሳሹም ፊርማዬ ነው ብለዋል። መርዝ በልቶ ልጅ የሚወልድ ነቀዝ የት አገር ነው ያለው? እነዚህን ደግሞ ይመልከቱልኝ። ያለፉት ዓመታት ናቸው፤ አብረው ነው የተቀመጡት። አንድ ነቀዝ ካገኙ እኔን ይሰሩኝ።»

ዳኛዋ ራሳቸው እያነሡ አነቃነቁ። አንዱ ይንሸራተታል፤ ሌላው ይንኳኳል። በችሎቱ ኮሽታው ብቻ ይሰማል።

ጠበቃው ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ነቀዝ ምስክር ሊሆን አይችልም!»

«ሰውም አለ» አለ ዐቃቤ ሕጉ። የዘበኛውን መዝገብ ከፈተና አነበበ። ተከሳሹ ዘበኛ ከዚሁ ጭነት አሥራ ሁለት ኪሎ ሰርቆ፣ ቀለሙን አጥቦ፣ ቀቅሎ ከአምስት ልጆቹ ጋር ለዘጠኝ ቀን መብላቱን ለዚህ ፍርድ ቤት አምኗል ይላል። በዚሁ ፍርድ ቤት ማኅተም።

ዘበኛው ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ዳኛዋ አስነሡት።

«ስትበሉት አልታመማችሁም?»

«ኧረ እመቤቴ፣ ስንበላ ነው የዳንነው። የታመምኩት እስር ቤት ነው።»

የእህል ተባይ ባለሙያ ተጠርቶ ጠርሙሶቹን መረመረ። ቀለሙ የወረቀት ማቅለሚያ ነው፤ መድኃኒት የለበትም አለ። ከዚያ በኋላ ክሩ ሲሳብ ሌላው ሁሉ ተተረተረ። የመድኃኒቱ ግዢ በወረቀት ብቻ የተፈጸመ ነው፤ ዘሩም የምግብ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ያረጀ እህል ነው። የዋጋው ልዩነት የገባበት ኪስ ታወቀ።

ፍርዱ ሁለት ዓመት እስራትና መቀጮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይግባኝ ብሎ በዋስ ወጣ፤ በሳምንቱ ሠርግ ላይ ፊት ወንበር ተቀምጦ ታየ። ዘበኛው ይህን ሲሰማ ባለጠርሙሱን መንገድ ላይ አቆመው።

«እኔ በአሥራ ሁለት ኪሎ ስምንት ወር። እሱ በሺህ ኩንታል ሁለት ዓመት። በጅምላ ሲሆን ቅናሽ አለው ማለት ነው?»

ባለጠርሙሱ ሊቆጣ ፈልጎ ቁጣው አልቆበት ነበር። ካሣው ለገበሬዎቹ እንዲከፈል ተወስኗል፤ መቼ እንደሚከፈል አልተወሰነም። ስለዚያ ነገ ይጮኻል። ዛሬ የሚፈልገው በፍርዱ ሰባተኛ ገጽ ላይ ያለችውን አንድ መስመር ነው። ሁለት ቀን ተሰልፎ፣ የኮፒ ከፍሎ፣ ማኅተም አስመትቶ ወሰዳት።

ጓሮው ውስጥ ያቺ እፍኝ ሰባት ጊዜ ተዘርታለች። አንድ ዓመት ዶሮ ገባባት፤ አንድ ዓመት በረዶ መታት። ጓሮው ሲጠባት የጎረቤት ቦታ ተከራይቶ ዘራት። አሁን ሁለት ጆንያ ሞልታለች። ጆንያዎቹን ጋሪ ላይ ጭኖ እህቱ ደጅ ደረሰ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። እሷ አርጅታለች። እሱም አርጅቷል።

«ምን ፈለግህ?»

«ወረቀት ይዤ መጣሁ።»

«አንብበው።»

አነበበ። «የሰብሉ አለመብቀል ምክንያት የዘሩ ጉድለት እንጂ የአርሶ አደሮቹ አዘራር አለመሆኑ ተረጋግጧል። ድርጅቱ ያወጣው ደብዳቤ ተሽሯል።»

«ድገመው።»

ደገመው።

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ ጋሪው መጥታ የጆንያውን አፍ ፈታች፤ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደችና አንድ እፍኝ አወጣች። አሸተተች። አንዱን ፍሬ በጥርሷ ሰበረችው። የአባቷን ስንዴ ማወቋ ከፊቷ ታየ፤ አፏ ግን ሌላ ተናገረ።

«ዘር አምጥቻለሁ ያለኝ ሰው ከዚህ በፊትም ነበር።»

ባለጠርሙሱ አንገቱን ደፋ። «ደግ አድርገሻል። ፈትሺው።»

መቶ ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች። በስድስተኛው ቀን ና አለችው። ጆንያዎቹ ጋሪው ላይ እንዳሉ ይዟቸው ተመለሰ፤ በስድስተኛው ቀን ይዟቸው መጣ። በዚህ ጊዜ አጥሩ ክፍት ነበር። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጨርቁን ፊቱ ፈታችና ነጫጭ ሥር ያወጡትን አንድ በአንድ ቆጠረች። ሳትቸኩል ቆጠረች።

«ዘጠና ስድስት» አለች። ቀና ብላ አየችው። «አራቱስ?»

ባለጠርሙሱ አራቱን ፍሬዎች ትንሽ አያቸው።

«አራቱ ቀጠሮ ላይ ናቸው እትዬ።»

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር።

«በል፣ አስገባው» አለችው፤ «ጎተራው የት እንዳለ ታውቅ የለ።»

ሁለቱን ጆንያ ተራ በተራ ተሸክሞ አስገባ። እሷ ኋላው ኋላው እየሄደች፣ በመንገድ የተንጠባጠበውን ፍሬ ጎንበስ እያለች ለቀመች።